በሐረጎ ቁልቁለት ከኋላ የሚለጠፍን ሾፌር ምን ማድረግ ይገባል?

ጥያቄው፦ «ደሴ እኖራለሁ፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በየቀኑ በቪትዝ እመላለሳለሁ። ጠዋት ሐረጎን ስወርድ ሚኒባሱም አይሱዙውም ከኋላዬ ተለጥፎ ረጅም መብራት ያበራብኛል፣ ክላክስ ይነፋብኛል። እኔም እልህ ይይዘኝና አላሳልፍም፤ አንዳንዴም እንዲሸሽ ብዬ ፍሬን ነካ አደርጋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ቀድሞኝ ፊቴ ላይ ቆመና ሾፌሩ ወርዶ መስታወቴን ደበደበ። ከኋላ የገጨ ምን ጊዜም ጥፋተኛ ስለሆነ ቢገጨኝ ከፋዩ እሱ ነው አይደል? ሕጉስ ምን ይላል? ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

በመጀመሪያ የተጠያቂነቱን ጉዳይ እናንሳ፤ ሌላው ስህተት ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። «ከኋላ የገጨ ምን ጊዜም ጥፋተኛ ነው» የሚል ሕግ የለም። ያለው፣ ከፊት ያለው ተሽከርካሪ ድንገት ቢቆም ሳይገጩት ለመቆም የሚያስችል ርቀት ጠብቆ መንዳትን የሚያስገድድ የትራፊክ ደንብ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሲያነሳ ይህን ርቀት ሳይጠብቅ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የኋለኛው ስለሆነ፣ ሰው «ብዙ ጊዜ» የሚለውን ትቶ «ምን ጊዜም» ብሎ ያዘው። ያለ ምክንያት ፍሬን የያዘ፣ የስቶፕ መብራቱ የማይበራ፣ ከጎን ገብቶ ወዲያው የቆመ ወይም ዳገት ላይ ወደ ኋላ የተንሸራተተ ሾፌር፣ ከፊት ስለነበረ ብቻ ነፃ አይወጣም።

ካሳውም እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2084 ላይ ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ለአደጋው ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጥራል፤ ባለንብረቶቹም የጠቅላላውን ጉዳት ኪሳራ ግማሽ በግማሽ ይሸከማሉ። ይህ የሚቀረው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው የደረሰው በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። እርስዎ ፍሬን ነካ ያደረጉት ለማስፈራራት መሆኑን የሚኒባሱ ረዳትና ከፊት የተቀመጡት ተሳፋሪዎች አይተዋል። ከፊትዎ በግ እንኳ እንዳልነበረ ይመሰክራሉ። ያን ጊዜ «ከፋዩ እሱ ነው» ያሉት ነገር ቢያንስ ግማሹ ወደ እርስዎ ይዞራል። በግጭቱ ተገፍቶ የወጣው መኪናዎ በመንገድ ዳር የሚሄድ እግረኛ ቢገጭ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት የሚጠየቀው የራሱ ጥፋት ሳይፈለግ ነው።

የወንጀሉን በኩል በአጭሩ ልጥቀስ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ሲሞት፣ ወይም አድራጊው ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ ሲጥስ፣ ወይም በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ራሱን ስቶ ሲገኝ፣ ንዑስ አንቀጽ 3 ቅጣቱን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሰዋል፤ የገንዘብ መቀጮም አለው። ተለጥፎ የሚነዳውም፣ እሱን ለመቅጣት ብሎ ፍሬን የሚይዘውም «ሆን ብሎ» ለሚለው ቃል ቅርብ ናቸው። አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሕዝብ ከኋላዎ እንዳለ አይርሱ።

አሁን «ነካ» ያሉትን ፍሬን ጠጋ ብለን እንየው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛሉ። የኋለኛው በ5 ሜትር ተለጥፏል እንበል። ቀለል አድርገው ፍሬን ሲይዙ ፍጥነትዎ በየሰከንዱ 3 ሜትር በሰከንድ ያህል ይቀንሳል። የነቃ ሾፌር የስቶፕ መብራትዎን አይቶ እግሩን ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪያዞር አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። በዚያ አንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ ከ5 ሜትሩ ከ3 ሜትር በላይ ተበልቷል፤ የሁለታችሁ የፍጥነት ልዩነትም በሰከንድ ከ4 ሜትር አልፏል። የቀረው ሜትር ተኩል ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ይህ ሁሉ የሆነው እሱ ገና ፍሬን ሳይነካ ነው። እንግዲህ ለማስፈራራት የሚሆን መጠነኛ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። እስከ ዛሬ ያልተገጩት የኋለኛው ሾፌር አስቀድሞ እግሩን ፍሬን ላይ አሳርፎ ስለነበረ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነገር ነው። ከኋላዎ መብራት እያበራ ክላክስ የሚነፋው ሾፌር ተናዶ ይሁን ፍሬን እንቢ ብሎት፣ በስፖኪዮ አይተው መለየት አይችሉም። ሜዳ ላይ ቢሆን ነገሩ የትህትና ጉዳይ ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ግን 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይወረዳል። አንድ መኪና ያን ያህል ከፍታ ሲወርድ የሚያራግፈው ጉልበት፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቀጥ ብሎ የመቆምን ጉልበት 42 ጊዜ ያህል ያጥፋል። ይህ ሒሳብ በክብደት አይለወጥም፤ ለቪትዝም ለተሳቢም ያው ነው። ከዚያ ጉልበት ሞተሩና ነፋሱ ያልበሉት በሙሉ በፍሬን ሸራውና በታምቡሩ (ከጎማው ጋር በሚዞረውና ሸራው በሚይዘው ብረት) ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀመጣል።

ሸራ ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ታምቡሩም በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን አጥብቆ ቢረግጥም መኪናው አይሰማውም። በአየር ፍሬን የሚሠራ ከባድ መኪና ላይ ፍሬኑን ደጋግሞ መርገጥ የታንከሩን ንፋስ ይጨርሳል። የቆየ የፍሬን ዘይት ያለው አነስተኛ መኪና ላይ ደግሞ ዘይቱ ራሱ ይፈላል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ መስመሩ ውስጥ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ (ማርሽ ሳያስገባ) የሚወርድ ሾፌር የሞተሩን እገዛ ራሱ ጥሎ ሸክሙን ሁሉ ለሸራ ሰጥቷል። እንዲህ ያለው መኪና በሐረጎ ኩርባ ከኋላዎ ሲመጣ የቀረው መሣሪያ መሪ፣ መብራትና ክላክስ ብቻ ነው፤ እርስዎ እንደ ስድብ የሚቆጥሯቸው መብራትና ክላክስ!

ምልክቶቹን ማወቅ ይጠቅማል፦ የማይቋረጥ ክላክስ፣ በቀን የበራ ረጅም መብራት፣ ከጎማ አካባቢ የሚወጣ ነጭ ጭስ፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ፣ በማያስቀድም ቦታ እንኳ ወደ ግራ ለመውጣት መሞከር። ሁሉንም እስኪያዩ መጠበቅ ግን አይገባም። ቁልቁለት ላይ ተለጥፎ የመጣን ሁሉ ፍሬን እንዳጣ ይቁጠሩት። ተሳስተው ቢሆን የሚያጡት ጥቂት ሰከንድ ነው።

አሳልፉ ሲባል ደግሞ ያገኙት ጥግ ላይ ዘው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚጎዳው በማሳለፊያው ላይ ነው። መንገዱን በየቀኑ ስለሚሄዱበት ሰፊ ትከሻ ያላቸውንና ፊት ለፊት ረዘም ብሎ የሚታይባቸውን ቦታዎች ያውቋቸዋል። ከጢጣ ጀምሮ እስከ ኮምቦልቻ መግቢያ አራት አምስቱን መርጠው በልብዎ ይያዙ። የሚለጠፍ ሲመጣ እስከሚቀጥለው ድረስ ፍጥነትዎን ሳይቀይሩ ይሂዱ። ከቦታው 100 ሜትር ያህል ሲቀርዎ የቀኝ ፍሬቻ ያብሩ፤ እግርዎን ቀስ ብለው ከነዳጅ ያንሱ፤ ወደ ቀኝ ጠጋ ይበሉ፤ ትከሻው ጠንካራ ከሆነ ብቻ ይውጡበት። ክረምት ላይ በገደል በኩል ያለው ትከሻ ውሃ የጠጣ አፈር ስለሆነ ከላይ ደህና መስሎ ከሥር ይሸሻል፤ እንዲያ ባለ ቦታ አስፋልቱን አይልቀቁ፤ ማዘግየቱ ብቻ ይበቃል። አስፋልቱና ትከሻው የከፍታ ልዩነት ካላቸው በፍጥነት ሁለት ጎማ አውርዶ ወዲያው ለመመለስ መሪ ማጠፍ መኪና ይገለብጣል። ፍጥነትዎ ከ20 በታች ሳይወርድ አይሞክሩት።

ሲያልፍዎ ፍጥነት አይጨምሩ። ሲቀደሙ መፍጠን በትራፊክ ደንብ የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱን ሒሳቡ ይናገራል። እርስዎ በ45፣ ሚኒባሱ በ60 ቢሄድ ከኋላዎ ተነስቶ በደህና ፊትዎ እስኪገባ 8 ሰከንድና 136 ሜትር ያህል ይበቃዋል። እርስዎ በእልህ ወደ 50 ቢያሳድጉ 12 ሰከንድና 204 ሜትር ይፈልጋል። ከፊት በ60 የሚመጣ መኪና ካለ ደግሞ እሱም በዚያው ጊዜ ያንኑ ያህል ስለሚጓዝ፣ ያስፈልግ የነበረው 270 ሜትር ያህል እይታ ከ400 ያልፋል። በዚህ መንገድ ላይ 400 ሜትር ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው። አምስት ኪሎ ሜትር በሰዓት ጨምረው በሌላው መስመር ላይ የሚመጣውን ቤተሰብ ዕጣ ቀየሩት ማለት ነው።

የማሳለፊያ ቦታ እስኪደርሱ ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ ከስሜት በተቃራኒ የሚሄድ ምክር አለ፦ ከኋላዎ ሲጠጉብዎ እርስዎ ከፊትዎ ካለው ይራቁ። ከኋላ የተገፋ ሰው ሳያውቀው ወደ ፊት ይጠጋል፤ ከዚያ ሦስት መኪና እንደ ፉርጎ ተያይዞ ይወርዳል። በፊትዎ ሰፊ ቦታ ካለ አንድ ነገር ቢገጥምዎ ድንገት መቆም አያስፈልግዎትም፤ ቀስ ብለው ይቀንሳሉ፤ የኋለኛውም በእርስዎ ትዕግሥት ይተርፋል። በደረቅ ቀን ከፊት ካለው መኪና ጋር የ3 ሰከንድ ርቀት ይያዙ። ከፊት ያለው አንድ ምሰሶ ወይም ዛፍ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት» ብለው ይቁጠሩ፤ ሳይጨርሱ ምሰሶው ጋ ከደረሱ ተጠግተዋል። ዝናብ ሲሆን ወይም የሚለጠፍ ሲኖር ወደ 5 እና 6 ሰከንድ ያሳድጉት። ለ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 3 ሰከንድ 33 ሜትር ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ በመቶ 8 በሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት ግን ለመቆም፣ አይቶ እግር እስከማዞር ያለው ጊዜ ተጨምሮ፣ 36 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። በ60 ከሆነ ወደ 70 ሜትር ይጠጋል። በደረቅ ሜዳ የለመዱት ርቀት ሐምሌና ነሐሴ ላይ የማይበቃው ለዚህ ነው።

የራስዎንም ፍሬን ይጠብቁ። ቪትዝ ቀላል ናት ብለው በ«ዲ» ብቻ እየወረዱ ከኩርባ ኩርባ ፍሬን የሚይዙ ከሆነ፣ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ዲስኩ ግሏል። እንደ ሞዴሉ «2» እና «ኤል»፣ ወይም «ኤስ» እና «ቢ» የሚል ማርሽ አላት፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝቅ አድርገው ሞተሩ ይያዝልዎት። ቀድሞ መቀነስ እንጂ ፍጥነት ከወጣ በኋላ መቀነስ ልማድ አይሁን። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ሞተር ሲይዝ የስቶፕ መብራት አይበራም። ከኋላዎ ያለው መቀነስዎን የሚያውቀው ሲቀርብዎ ነው። ስለዚህ ማርሽ ከመቀነስዎ በፊት መኪናው ሳይዝ መብራቱ ብቻ እስኪበራ ያህል ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ዳሰስ ያድርጉ። ይህ ከቅድሙ ፍሬን ጋር አንድ አይደለም፤ ፍጥነቱ አይቀንስም፤ የሚደረገውም በሩቅ ላለ መኪና እንጂ ለተለጠፈ አይደለም።

የፍሬን ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ቆመው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቀዝቅዙ። ውሃ አያፍሱበት፤ የጋለ ዲስክና ታምቡር ይሰነጠቃል። የእጅ ፍሬኑን አጥብቀው ከመሳብ ይልቅ ማርሹን «ፒ» ላይ አድርገው ጎማው ሥር ድንጋይ ያስደግፉ። ሲነሱ ያንን ድንጋይ አንስተው ከመንገድ ያውጡት። በየዳገቱ አስፋልት መሃል ቀርቶ የሚታየው ድንጋይ ሁሉ አንድ ሾፌር ረስቶት የሄደ ነው፤ ማታ ለባጃጅና ለሞተር ወጥመድ ይሆናል። በተቃራኒው ከኩርባ በፊት አስፋልት ላይ ቅጠልና ቅርንጫፍ ተጥሎ ካዩ ከፊት የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው፤ የሚለጠፍብዎ ቢኖርም ባይኖርም ፍጥነት የሚቀነሰው ከዚያ ጀምሮ ነው።

የፍሬቻ ቋንቋም ራሱን የቻለ ችግር አለበት። የከባድ መኪና ሾፌሮች ከኋላ ለሚመጣው የቀኝ ፍሬቻ አብርተው «እለፍ»፣ የግራ አብርተው «ቆይ፣ ከፊት መኪና አለ» ይላሉ። ልማዱ በቅንነት የተጀመረ ነው፤ ብዙ ሰውም አትርፏል። ነገር ግን ያው የግራ ፍሬቻ «ልታጠፍ ነው» ማለትም ነው፤ የቀኙም «ልቆም ነው» ማለት ነው። ስለዚህ የሌላ ሰው ፍሬቻ መንገዱን እንዲያዩ ይጥራዎት እንጂ በራሱ ፈቃድ አይሁንዎት፤ በዓይንዎ ያላረጋገጡትን መንገድ ማንም ፈቅዶ አይሰጥዎትም። በኩርባ፣ በኮረብታ ጫፍ፣ በድልድይና ያልተቆራረጠ መስመር ባለበት ደርቦ ማለፍ የተከለከለው ከፊት ያለው ሾፌር ስላልፈቀደ አይደለም፤ ከፊት የሚመጣው ስለማይታይ ነው።

ስለ ሾፌሮቹ አንድ ነገር ልበል፤ ጥፋታቸውን ለማቅለል ግን አይደለም። የሚኒባሱ ሾፌር የሚያተርፈው በምልልስ ብዛት ነው፤ ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ ተቆርጦ ይጠብቀዋል። የተጫነ አይሱዙ ከቁልቁለት የያዘውን ሩጫ ለሚቀጥለው ዳገት ሊያውለው ስለሚፈልግ ፍሬን መያዝን እንደ ኪሳራ ያየዋል። ከከባድ መኪና ወንበር ላይ ደግሞ ከፍ ብለው ስለሚያዩ በመካከል ያለው አስፋልት ይበልጥ ይታያል፤ 5 ሜትሩ ሰፊ ይመስላል። ምርቃና ላይ ያለ ሾፌር ደግሞ ንቁ ነኝ ብሎ ያምናል። ጫት እንቅልፍን ያዘገያል፤ ርቀትን የመገመት ችሎታን ግን አይጨምርም፤ ድፍረትን ይጨምራል፤ ሲበርድም እንቅልፉ አንድ ላይ ይመጣል። እርስዎ በዚህ ሁሉ ላይ ሥልጣን የለዎትም። ሥልጣን ያለዎት በሁለት ነገር ላይ ነው፦ በፊትዎ ባለው ርቀትና በሚያሳልፉበት ቦታ።

አላሳልፍም የሚለው እልህ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያተርፍልዎትም ይቁጠሩት። አንድ መኪና ለማሳለፍ ማዘግየት 10 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በአንድ ጠዋት ስድስት ቢያሳልፉ አንድ ደቂቃ ነው። ከቤት 10 ደቂቃ ቀድሞ መውጣት ይህን ሁሉ ይሸፍናል። ከዚህም በላይ አሳልፈውት የሄደው ሾፌር ከፊትዎ ነው፤ ከፊት ያለ መኪና ደግሞ ከኋላ ካለው ይልቅ በእጅዎ ነው፤ ርቀቱን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

መስታወትዎን ወደ ደበደበው ሰው ልምጣ። ፊትዎ ላይ የቆመ ካለ ከመኪና አይውረዱ። በሩን ቆልፈው መስታወቱን ይዝጉ፤ ሞተሩ አይጥፋ። ሲቆሙ ከፊትዎ ካለው መኪና የኋላ ጎማ ሥር ያለው አስፋልት እስኪታይዎ ድረስ ይራቁ፤ ያኔ ወደ ኋላ ሳይሉ በግራ ወይም በቀኝ መውጣት ይችላሉ። ከዓይኑ ጋር አይፋጠጡ፣ መልስ አይስጡ፣ ስልክ አውጥተው ፊቱ ላይ አይቅረጹት። እጅን ከፍ አድርጎ «አብሽር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት በወሎ ብዙ ጠብ አብርዷል፤ ጥፋቱ የእርስዎ ባይሆን እንኳ ይበሉት። መንገዱ ሲከፈት ወደ ቤትዎ ሳይሆን ሰው ወዳለበት፣ ወደ ኬላ ወይም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ። ቤትዎን አያሳዩት።

ታርጋውን ከነኮዱና ከነክልሉ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ቆመው ይጻፉ። ሕዝብ ማመላለሻ ከሆነ የጎን ቁጥሩን ይጨምሩ፤ ያን ይዘው ለትራፊክ ፖሊስ ያመልክቱ፤ ለመናኸሪያው ስምሪትና ለማኅበሩም ያሳውቁ። አንድ አቤቱታ ብዙ ላያንቀሳቅስ ይችላል። በአንድ የጎን ቁጥር ላይ ሦስት አራት ሰው ሲያመለክት ግን ስምሪቱ ዝም ለማለት ይቸገራል። መስታወት መደብደብና ማስፈራራት የትራፊክ ጥፋት ብቻ ሳይሆን በራሱ ወንጀል ሊሆን ስለሚችል ለመርማሪው እንደዚያው ያስመዝግቡት። የዳሽቦርድ ካሜራ ቢኖርዎት ከሁሉ ይበልጣል፤ የሚቀርጸው ግን እርስዎንም ነው።

ግጭት ከደረሰ ደግሞ በሽምግልና መንገድ ዳር መጨረስ ለጭረትና ለተሰበረ መብራት ይሆናል። ሰው ከተጎዳ፣ ትንሽም ቢመስል፣ አይሆንም። ተጎጂውን ወደ ሕክምና ማድረስ ይቀድማል፤ መኪናዎቹ ፕላን እስኪነሳ ካሉበት አይንቀሳቀሱ፤ አራቱን ፍሬቻ አብርተው ከኩርባው በስተላይ ሰው ያቁሙ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ተጎጂም የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። ዛሬ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ የተጨባበጠ ሰው በሦስተኛው ቀን አንገቱ አልዞር ሲለው የፖሊስ ማስረጃ ከሌለ መድን ድርጅቱ ጋ የሚያቀርበው ነገር የለም። እርስዎም ራስዎን የሚከላከሉበት አይኖርዎትም።

ደሴ ከተማ ውስጥም ያው ችግር በትንሹ አለ። ከፒያሳ ወደ ላይ በሚወጡት ዳገቶች ላይ ባጃጅና ታክሲ ከኋላዎ ተጣብቀው ይቆማሉ፤ ከፊትዎ ያለው ሲነሳ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በዳገት ሁልጊዜ የፊተኛው መኪና የኋላ ጎማ መሬት የነካበት እስኪታይዎ ርቀው ይቁሙ፤ ሲነሱም በእጅ ፍሬን ይዘው ይነሱ። ወደ ኋላ ተንሸራትተው የኋለኛውን ቢነኩ ጥፋተኛው እርስዎ ነዎት፤ «ከኋላ የገጨ» የሚለው አባባል እዚያ ላይ ጨርሶ አይረዳዎትም።

ይህ ምክር የማይደርስበት ቦታም አለ። ጉም በወረደ ጠዋት ከመኪናዎ አፍንጫ አልፎ ሳይታይ ማሳለፍም ማለፍም ለእርስዎ የሚወሰን አይደለም። ያን ጊዜ አጭር መብራት አብርተው (ረጅሙ ጉሙ ላይ ተመልሶ ዓይን ያጠፋል) ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ የሚወጡበት ቦታ ካገኙ ወጥተው ይጠብቁ። ግማሽ ጎማ አስፋልት ላይ ትቶ መቆም ከመሄድ ይብሳል። የኋላ መብራት የሌለው ተሳቢ ማታ የሚገጥምዎትንም የትኛውም የ3 ሰከንድ ቆጠራ አይፈታውም። ሥራዎ የሚፈቅድ ከሆነ ከመሸ በኋላ ባይወጡ፣ ካልሆነ በአጭር መብራት እይታ ውስጥ ሊቆሙ የሚችሉበትን ፍጥነት ይያዙ፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ ከ50 በታች ነው።

ውሳኔዬ ይህ ነው፦ ከነገ ጀምሮ ፍሬን ነካ ማድረጉን ሙሉ በሙሉ ይተዉ፤ የተለጠፈን ሁሉ በሚቀጥለው የመረጡት ሰፊ ቦታ ያሳልፉ፤ ተለጥፈውብዎት ሳለ ከፊት ያለዎትን ርቀት እጥፍ ያድርጉ። የፍሬን ዘይትዎ ሁለት ዓመት ከሞላው ያስቀይሩት። ዛሬ ማታ ደግሞ አንድ ሰው ከመኪናዎ ኋላ ያቁሙና ፍሬን ሲረግጡ የግራው፣ የቀኙና የላይኛው ስቶፕ መብራት ሦስቱም መብራታቸውን ያረጋግጡ። አንዱ ካልበራ አምፖሉን ሳይቀይሩ ሐረጎን አይውረዱ።